ከዕቃ ቤት ወደ ዶሮ ቤት፦ ጠላታችን ብርድ ነው ወይስ እርጥበት?

በብዙ የከተማችን ግቢዎች ከዋናው ቤት ጀርባ አንድ ትንሽ ዕቃ ቤት አይጠፋም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ ነው። መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም ተደፍኗል። የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ ጀሪካንና ከግንባታ የተረፈ እንጨት ይከማችበታል። የእንቁላል ዋጋ ሲጨምር፣ በተለይም በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ እርባታ ሲበረታታ፣ ይህን ቤት ወደ ዶሮ ቤት ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ ወጣትም፣ ጡረታ የወጣ ሠራተኛም፣ ከደመወዟ የምትቆጥብ እናትም ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ሃያ ቄብ ይገዛሉ።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ታዲያ እንዲህ ነው። ዶሮዎቹን ብርድ እንዳይነካቸው ሲባል የቤቱ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅና በጭቃ ይደፈናል፤ በሩ ሌሊት ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶሮዎቹ ማስነጠስ ይጀምራሉ፣ ዓይናቸው ያብጣል፣ እንቁላሉ ይቀንሳል፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ባለቤቱ «ብርድ መታቸው» ብሎ ይደመድምና የቀረችውን ቀዳዳ ፈልጎ ይደፍናል። የሚቀጥለው ሳምንት ከቀደመው የባሰ ይሆናል።

ይህ መደምደሚያ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ረቂቅ ምርምር አያስፈልግም። በሁለተኛ ደረጃና በመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የተማርነው የሙቀት፣ የተንና የአየር ፍሰት ትምህርት ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ አንድ የተወሰነ ቤት ይዘን እናሰላለን። ቤቱ በአዲስ አበባ የሚገኝ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ አማካይ ከፍታው 2.2 ሜትር የሆነ፣ ባለ ጭቃ ግድግዳና ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ዕቃ ቤት ነው። የወለሉ ስፋት 6 ካሬ ሜትር፣ የሚይዘው አየር 13 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚለውን የተለመደ መለኪያ ብንከተል 24 ዶሮ ሊይዝ ይችላል፤ እኛ ግን ጥቂት ትርፍ ቦታ ትተን 20 ዶሮ እናስገባለን።

1. እያንዳንዷ ዶሮ ምድጃ ናት

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለዚህ ቤት ምን ያህል ሙቀት ያስፈልገዋል?» የሚል ሳይሆን «በዚህ ቤት ውስጥ ምን ያህል ሙቀት ይመነጫል?» የሚል መሆን አለበት። መልሱን ከመኖው እንጀምር።

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትመገባለች። ከአንድ ግራም የተመጣጠነ መኖ ሰውነቷ ሊጠቀምበት የሚችለው ጉልበት 11.7 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሆነ፣ በቀን 1,345 ኪሎ ጁል ታገኛለች ማለት ነው። ይህን በአንድ ቀን ውስጥ ላሉት 86,400 ሰከንዶች ብናካፍለው 15.6 ዋት እናገኛለን። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው በእንቁላሉ ይወጣል። 60 ግራም የሚመዝን እንቁላል 375 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል፤ በአሥር ቀን ስምንት እንቁላል ትጥላለች ብንል በእንቁላል የሚወጣው ጉልበት 3.5 ዋት ይሆናል። የቀረው 12 ዋት ያህል ጉልበት ወዴት ይሄዳል? የጉልበት አይጠፌነት ሕግ መልሱን ይነግረናል፤ ክብደቷ ያልጨመረ ዶሮ ይህን ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ለውጣ ለአካባቢዋ ትሰጣለች።

በሌላ መንገድም ማረጋገጥ ይቻላል። ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየው፣ የእንስሳት የዕረፍት ጊዜ የሙቀት ምርት ከክብደታቸው ሦስት አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ክብደቷ 1.8 ኪሎ ግራም ለሆነች ዶሮ ይህ ሕግ 5.3 ዋት ይሰጠናል። ይህ ምንም ሳትበላና ሳትንቀሳቀስ ነው። መብላቱ፣ መፍጨቱ፣ መንቀሳቀሱና እንቁላል መሥራቱ ሲጨመርበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሁለቱ መንገዶች ተቀራራቢ መልስ ሰጡን። ዶሮዋ ሌሊት ስለምታርፍ የሙቀት ምርቷ ከቀኑ ጥቂት እንደሚያንስ አስበን፣ ለስሌታችን 10 ዋት እንውሰድ።

ስለዚህ ሃያ ዶሮ 200 ዋት ነው። ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎች ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፉ በቤቱ ውስጥ እንደሚበሩ ይቆጠራል። የዶሮዋ የውስጥ መጠነ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ሲሆን፣ ላባዋ የማይንቀሳቀስ አየር ይዞ እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላታል። ላባዋ የተሟላ ጤነኛ ዶሮ ደረቅና ነፋስ የማያገኛት እስከሆነች ድረስ የአዲስ አበባን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያለ ምንም ማሞቂያ ትወጣዋለች።

2. እያንዳንዷ ዶሮ ምንጭም ናት

ዶሮዋ የምትሰጠን ሙቀት ብቻ አይደለም። በቀን ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ ሃያው በድምሩ 5 ሊትር ይጠጣሉ። ከዚህ ውሃ በእንቁላል መልክ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። የቀረው በትንፋሽና በኩስ ይወጣል። የትኩስ ኩስ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ዶሮ ላብ ስለማታልብ ትርፍ ሙቀቷን የምታስወግድበት አንዱ ዋና መንገድ ከሳንባዋና ከአየር ከረጢቶቿ የሚተነው ውሃ ነው።

ለሌሊቱ ስሌት ከትንፋሽና ከጉዝጓዝ በድምሩ ለአንድ ዶሮ በሰዓት 5 ግራም ተን እንውሰድ። ለሃያ ዶሮ በሰዓት 100 ግራም፣ በ12 ሰዓት ሌሊት ደግሞ 1.2 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ ወደ ቤቱ አየር ይገባል። ከዚያስ?

አየር ሊሸከመው የሚችለው የተን መጠን በመጠነ ሙቀቱ የተወሰነ ነው። በ9 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 8.8 ግራም፣ በ11 ዲግሪ 10 ግራም፣ በ20 ዲግሪ 17.3 ግራም ተን ይሸከማል። ከዚህ በላይ የተጨመረው ተን ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ይህ ወሰን ሙሌት ይባላል። አሁን ውጪው 9 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 75 በመቶ ነው እንበል። የውጪው አየር በሜትር ኩብ 6.6 ግራም ተን ይዟል። ይህ አየር ወደ ቤቱ ገብቶ ወደ 11 ዲግሪ ሲሞቅ ለሙሌት የሚቀረው 3.4 ግራም ብቻ ነው። ቤቱ 13 ሜትር ኩብ ስለሆነ በድምሩ 44 ግራም ተን የሚቀበል ቦታ አለው። በሰዓት 100 ግራም ተን ሲገባበት ይህ ቦታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ቤት 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አየሩ በተን ይጠግባል። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት የሚወጣው ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ በግድግዳው፣ በቆርቆሮው፣ በጉዝጓዙና በላባው ላይ ያርፋል። የረጠበ ላባ ደግሞ የያዘውን አየር ያጣል፤ ብርድ ልብስነቱም ያከትማል። ዶሮዎቹን ለብርድ ያጋለጣቸው የተዘጋው በር ነው ማለት ነው።

3. ቀዳዳውን መድፈን ስንት ዲግሪ ያተርፋል?

«ቢረጥብም ይሞቃል» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ይህንንም በቁጥር እንመርምረው።

ከ200 ዋቱ ውስጥ የተወሰነው በተን ውስጥ ተደብቆ ይወጣል። 100 ግራም ውሃ ለማትነን 247 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ በሰዓት ይህን ያህል ማለት 69 ዋት ነው። ስለዚህ ቤቱን ለማሞቅ የሚቀረው 130 ዋት ያህል ነው። ይህ ሙቀት በግድግዳ፣ በጣሪያና በሚወጣው አየር በኩል ይሄዳል። ቤቱ ከውጪው የሚሞቅበት የዲግሪ ልዩነት፣ 130 ዋት በእነዚህ መውጫዎች ድምር ሲካፈል የሚገኘው ነው።

የግድግዳው ስፋት 22 ካሬ ሜትር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ ለአንድ ካሬ ሜትርና ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 2.4 ዋት ያህል ያሳልፋል፤ በድምሩ ለአንድ ዲግሪ 53 ዋት። ራቁቱን ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ ለአንድ ካሬ ሜትር 6 ዋት ያህል ያሳልፋል፤ በድምሩ 36 ዋት። ከሥሩ ኮርኒስ ተሠርቶ 5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ጭድ ቢነጠፍበት ግን 36 የነበረው ወደ 6 ዋት ይወርዳል።

አሁን አየሩን እንጨምር። የሚወጣው አየር በሜትር ኩብ 8.5 ግራም፣ ማለትም ከሙሌቱ 85 በመቶ ያህል ተን ይዞ እንዲወጣ ከፈቀድንለት፣ በገባበት ጊዜ ከነበረው 6.6 ግራም ጋር ሲነጻጸር እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 2 ግራም ያህል ተሸክሞ ይሄዳል። 100 ግራሙን ለማውጣት በሰዓት 50 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ እፍግታ በሜትር ኩብ 0.94 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህን አየር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ በአማካይ 13 ዋት ይበቃል። እነዚህን ቁጥሮች አቀናብረን አራት ሁኔታዎችን እናወዳድር፦

ሀ) የጭቃ ግድግዳ፣ ራቁት ቆርቆሮ፣ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ፦ 130 ÷ 89 = 1.5 ዲግሪ።
ለ) የጭቃ ግድግዳ፣ ራቁት ቆርቆሮ፣ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት፦ 130 ÷ 102 = 1.3 ዲግሪ።
ሐ) የጭቃ ግድግዳ፣ የጭድ ኮርኒስ፣ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ፦ 130 ÷ 59 = 2.2 ዲግሪ።
መ) የጭቃ ግድግዳ፣ የጭድ ኮርኒስ፣ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት፦ 130 ÷ 72 = 1.8 ዲግሪ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ቀዳዳውን መድፈን የሚያተርፈው ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው። ለዚች ግማሽ ዲግሪ ሲባል አንድ ሊትር ውሃ በየሌሊቱ በዶሮዎቹ ላይ ይፈስሳል። ሁለተኛ፣ ኮርኒስ ያለው አየር የሚተላለፍበት ቤት፣ ኮርኒስ ከሌለው ጥርቅም ያለ ቤት ይሞቃል። ሙቀት ለመጨመር የፈለገ ሰው እጁን መዘርጋት ያለበት ወደ ጣሪያው እንጂ ወደ ቀዳዳው አይደለም።

ግድግዳውም ቆርቆሮ ቢሆንስ? መውጫዎቹ ተደምረው ለአንድ ዲግሪ 168 ዋት ስለሚሆኑ፣ ቤቱ ተደፈነም አልተደፈነም ከውጪው በአንድ ዲግሪ እንኳ አይሞቅም። እንዲህ ባለ ቤት ቀዳዳ መድፈን ምንም ሳያተርፉ መክሰር ነው።

ስሌታችን ወለሉንና ግድግዳው ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት አልቆጠረም። ጭቃ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚመልስ ቤቱ በተጨባጭ ጥቂት ሊሞቅ ይችላል። ይህ ግን በአራቱ ሁኔታዎች መካከል ያለውን ንጽጽር አይለውጠውም።

4. አየር ያለ ሞተር እንዲሄድ

በሰዓት 50 ሜትር ኩብ አየር ለማንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አያስፈልግም። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር ይቀላል። ተን ያለበት አየርም ከደረቅ አየር ይቀላል፤ የውሃ ሞለኪዩል አንጻራዊ ክብደት 18 ሲሆን የአየር አማካይ 29 ያህል ነውና። ስለዚህ ዶሮዎቹ ያሞቁትና ያረጠቡት አየር በራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ከእኛ የሚጠበቀው መግቢያና መውጫ መስጠት ብቻ ነው።

የመግቢያው ቀዳዳ በአንዱ ግድግዳ፣ መውጫው በፊት ለፊቱ ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ይሁን። በመካከላቸው የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት፣ በውስጥና በውጪ መካከል የ2 ዲግሪ ልዩነት አለ ብንል፣ የአየሩ ፍጥነት መነሻ √(2 × 9.8 × 1 × 2 ÷ 283) = 0.37 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። አየሩ በቀዳዳው ጠርዝ ስለሚጠብና በሁለት ቀዳዳዎች ማለፍ ስላለበት ይህን በ0.42 እናባዛዋለን፤ 0.16 ሜትር በሰከንድ ያህል ይቀራል። በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ማለት በሰከንድ 0.0139 ሜትር ኩብ ነው። ይህን ለፍጥነቱ ስናካፍል የእያንዳንዱ ቀዳዳ ስፋት 0.09 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሽቦው የሚይዘውን ቦታ ጨምረን 1 ሜትር ርዝመትና 12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክፍት ቦታ እንተዋለን።

እዚህ ላይ «አየር መለዋወጥ» እና «ነፋስ መምታት» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በቆጥ ላይ የተኛች ዶሮ ላባዋን ነፋስ ከበተነው በላባው ውስጥ ያለው ጸጥ ያለ አየር ይሄዳል። ስለዚህ የታችኛው ቀዳዳ እንኳ ቆጥ ላይ ካሉት ዶሮዎች ራስ በላይ መሆን አለበት። ቆጡ ከወለሉ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ መግቢያውን በ1.3 ሜትር፣ መውጫውን በ2.3 ሜትር ከፍታ ማድረግ ይቻላል። ቀዝቃዛው አየር ከራሳቸው በላይ ገብቶ ከክፍሉ አየር ጋር እየተቀላቀለ ይወርዳል።

ይህ ነፋስ ለሌለበት ሌሊት የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ስፋት ነው። ቀን ፀሐይ ሲወጣ በዚህ ብቻ መወሰን አይቻልም። ሰፋ ያለ የሽቦ መስኮት ወይም ከእንጨቱ በር ሌላ ሁለተኛ የሽቦ በር ሊኖር ይገባል። ቦታ የመምረጥ ዕድል ካለ፣ መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ግድግዳዎች ቢሆኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አግድም የሚመጣው ፀሐይ ወደ ውስጥ አይገባም።

5. ጣሪያው፦ ቀን ምድጃ፣ ሌሊት ጤዛ

ጆሴፍ ስቴፋን እ.ኤ.አ. በ1879 ከልኬት ተነሥቶ፣ ሉድቪግ ቦልትዝማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1884 በንድፈ ሐሳብ እንዳረጋገጠው፣ ከአንድ አካል ላይ የሚወጣው ጨረር ከፍጹም መጠነ ሙቀቱ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። በቀትር ፀሐይ 60 ዲግሪ የደረሰ አሮጌ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ 30 ዲግሪ ካለው ገጽ ጋር ሲነጻጸር፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 200 ዋት ያህል ትርፍ ጨረር ወደ ታች ይልካል። ለ6 ካሬ ሜትር 1,200 ዋት ነው። ይህም በቤቱ ውስጥ 120 ተጨማሪ ዶሮዎች የገቡ ያህል ሙቀት ነው።

የአየሩ መጠነ ሙቀት 30 ዲግሪ ሲያልፍ ዶሮ አፏን ከፍታ ማለክለክ ትጀምራለች። ስታለከልክ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ይወጣል፤ ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚያስፈልገው ካርቦኔትም ይቀንሳል። በሞቃት ወራት ቅርፊቱ የሚሳሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ቆርቆሮው ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ስለሚልክ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ውጪው 9 ዲግሪ ቢሆን ቆርቆሮው 7 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የቤታችን አየር በሜትር ኩብ 8.5 ግራም ተን ይዞ ስለነበር የጤዛ ነጥቡ 8.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን የነካው ተን ውሃ ሆኖ ወደ ጉዝጓዙ ይንጠባጠባል። ጠዋት «ቆርቆሮው አለበ» የምንለው ይህን ነው።

ለሁለቱም ችግር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ኮርኒስ። የቀርከሃ ምንጣፍ ወይም ንጹሕ የማዳበሪያ ጆንያ ወጥሮ በላዩ ደረቅ ጭድ ማንጠፍ ይበቃል። ሆኖም በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት ሊኖር፣ ክፍተቱም ከሁለት ወገን ለውጪ አየር ክፍት ሊሆን ይገባል። አለበለዚያ በጭዱ ውስጥ ሾልኮ የሚወጣው ተን እዚያው ይቀርና ጭዱን ያረጥበዋል። አይጥ እንዳይገባበት ክፍተቱ በሽቦ ይሸፈናል።

6. ጉዝጓዙና የአሞኒያው ሽታ

ዶሮ ትርፍ ናይትሮጅኗን የምታስወጣው በዩሪክ አሲድ መልክ ነው። ነጭ ሆኖ በኩሱ ላይ የሚታየው እርሱ ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብዙም ጉዳት የለውም። ሲረጥብ ግን ባክቴሪያዎች ይሰብሩትና አሞኒያ ይፈጠራል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ የዓይንና የአየር ቧንቧ እርጥብ ገጽ ላይ ያርፋል። መጠኑ በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 25 ሲደርስ ለዶሮዎቹ ጎጂ እንደሆነ ይቆጠራል። የአየር ቧንቧቸው ሲቆስል አቧራንና ጀርምን ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ጸጉሮች ሥራቸውን ያቆማሉ፤ በሽታም በር ያገኛል። በመግቢያችን ላይ «ብርድ መታቸው» ከተባሉት ዶሮዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተጎዱ ናቸው።

ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ፣ ገለባ ወይም ደረቅ ሰጋቱራ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። እርጥበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ያለ መሣሪያ ለመመርመር አንድ እፍኝ ጨብጦ መልቀቅ ነው፤ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፣ ሲለቁት ከተበተነ ደህና ነው። አፍንጫም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን በቶሎ ይለምዳል። ስለዚህ ሽታውን የምንመረምረው ጠዋት በሩን እንደከፈትን፣ ጎንበስ ብለን በዶሮዎቹ ራስ ከፍታ መሆን አለበት። እኛ ቆመን የምንተነፍሰው አየር እነርሱ ከሚተነፍሱት ጋር አንድ አይደለም።

7. ስለ ጫጩቶች አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ላባቸው ለተሟላ ዶሮዎች ነው። ጫጩት ግን ላባ የላትም፤ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር የገላዋ ስፋት ትልቅ ስለሆነ ሙቀቷን በቶሎ ታጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል።

ይህን ሙቀት ለማግኘት በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት የተለመደ ነው፤ እጅግ አደገኛም ነው። ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በሰው ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ይጣበቃል። ጫጩቶቹን ለመጠበቅ አጠገባቸው የሚያድር ሰውም በእንቅልፉ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ቀዳዳው በተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል አይገባም፤ ይህ ያለ ምንም ልዩነት ሊጠበቅ የሚገባው ነው።

በአገራችን የሚታወቀው የድርቆሽ ሳጥን የተሻለ መንገድ ያሳየናል። ጫጩቶቹ በድርቆሽ በተከበበ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያድራሉ፤ የሚሞቁትም በራሳቸው ሙቀት ነው። ትልቁን ቤት ከማሞቅ ይልቅ ጫጩቶቹ ያሉበትን ትንሽ ቦታ መሸፈን፣ ለአየር ግን መተንፈሻ መተው ነው። በሦስተኛው ክፍል ለትልልቆቹ ዶሮዎች ያገኘነው መርሕ ለጫጩቶችም ይሠራል።

8. ብርሃን

እንቁላል ጣይ ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ያስፈልጋታል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ረጅሙ ቀኗ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የጎደለውን ሁለት ሦስት ሰዓት በአንድ ባለ 5 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል መሙላት ይቻላል። ጭማሪው ከንጋት በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ማታ መብራቱ በድንገት ሲጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ይቀራሉና። የዶሮ አእምሮ ብርሃንን በዓይን ብቻ ሳይሆን በራስ ቅል ውስጥ አልፎ በሚደርሰው ጨረርም ይለያል፤ ስለዚህ ደካማ ብርሃን ይበቃል።

9. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ) ዕቃ ቤቱ ቀድሞ ምን ይቀመጥበት እንደነበር ይጣራ። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ቀለም ወይም የተቃጠለ ዘይት የፈሰሰበት አፈር ተቆፍሮ ይውጣ።
ለ) ወለሉ ከግቢው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ይደልደል፤ የክረምት ጎርፍ እንዳይገባ በዙሪያው ቦይ ይውጣ።
ሐ) የአየር መግቢያውና መውጫው ይከፈት፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ በጠንካራና ዓይኑ በጠበበ ሽቦ ይሸፈን።
መ) ግድግዳው በውስጥ በኩል ተለስኖ ኖራ ይቀባ። ኖራ በስንጥቅ ውስጥ የሚደበቁ መዥገሮችን ይቀንሳል፤ ብርሃንም ያንጸባርቃል።
ሠ) ኮርኒሱ ይሠራ።
ረ) ለአንድ ዶሮ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ታስቦ ሁለት ባለ 2 ሜትር ቆጦች ይተከሉ። ለአምስት ዶሮ አንድ በመቁጠር አራት የእንቁላል መጣያ ሳጥኖች በጨለም ያለው ጥግ ይቀመጡ።
ሰ) ውሃ መጠጫው ከጉዝጓዙ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የፈሰሰ ውሃ ሁሉ በሌሊት ተን ሆኖ ይመጣልና።
ሸ) ዶሮዎቹ ከመግባታቸው በፊት የፈንግልና የሌሎች በሽታዎች ክትባት ጉዳይ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ይወሰን። ጥሩ አየር ክትባትን አይተካም፤ ክትባትም ጥሩ አየርን አይተካም።

ማጠቃለያ

ያሰላነው ለአንድ የደጋ ከተማ ቤት ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ በዚያ ችግሩ የቀን ሙቀት ስለሆነ ከግድግዳው አብዛኛው ሽቦ መሆን ይኖርበታል። ዘዴው ግን አንድ ነው። የሚመነጨውን ሙቀትና ተን መቁጠር፣ መውጫውን መቁጠር፣ ሁለቱን ማመዛዘን። እንዲህ ስናደርግ የዶሮ ቤት ሙቀትን የምንቆልፍበት ሣጥን እንዳልሆነ እንረዳለን። ሙቀቱን ዶሮዎቹ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ የቤቱ ሥራ እርጥበቱን ማስወጣት፣ ነፋሱን ማራቅና ጣሪያውን መሸፈን ነው። አንድ የሽቦ ቀዳዳና አንድ እቅፍ ጭድ የሚጠይቁት ወጪ ከአንዲት ቄብ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ የሚያድኑት ግን ሃያውን ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በዚሁ ቤት 40 ዶሮ ቢገባ አየሩ በስንት ደቂቃ ይጠግባል? የቀዳዳዎቹስ ስፋት ምን ያህል መሆን አለበት? የዲግሪ ልዩነቱ እንደማይለወጥ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ ይህ ግምት ትክክል መሆኑን መርምሩ።

2. በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ቢቀንስ፣ ለዚያው የአየር መጠን የቀዳዳዎቹ ስፋት በስንት እጥፍ ይጨምራል?

3. ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትሮች ውሰዱ። የአንዱን ጫፍ በረጠበ ጥጥ ሸፍኑና ሁለቱንም በአንድ ዶሮ ቤት ውስጥ ጠዋት በሩ ሳይከፈት፣ በሩ ከተከፈተ ከአንድ ሰዓት በኋላም አንብቡ። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ሲጠብ ስለ አየሩ ምን ይነግረናል? ውጤቱን ለቤቱ ባለቤት አስረዱት።